ሙዚቃው ሳይቋረጥ ማብረር መማር፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚጫወቱ ወጣቶች

ይህ መመሪያ የተጻፈው ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሰርግ ላይ ለሚጫወቱና በሳምንቱ መሐል ማብረር ለመማር ለቆረጡ ወጣቶች ነው። መድረሻው የግል አብራሪነት ፈቃድ ነው፤ በደመወዝ ለማብረር ከዚህ በላይ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ ለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው ዕድሜ 17 ነው። ብቻን ለመብረር ግን 16 ይበቃል። ዝቅተኛው የበረራ ሰዓት በተለመደው አሠራር 40 ቢሆንም በ40 የሚጨርሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው ከ60 እስከ 75 ሰዓት ይፈጅበታል። ሙዚቀኛን ከዚያም በላይ የሚወስደው የችሎታ ማነስ ሳይሆን መቆራረጥ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚበር ሰው የእያንዳንዱን ትምህርት ግማሽ የረሳውን በማስታወስ ይጨርሰዋል፤ ለማስታወሱም በሰዓት ይከፍላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት የቀን መቁጠሪያው ነው።

1. ገንዘብ ከመክፈል በፊት ወረቀቱን ጨርሱ

የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ፓስፖርቱን ወይም የልደት የምስክር ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ለአሠልጣኙ ያሳያል፤ አሠልጣኙም ማየቱን መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ከትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ ከቲኤስኤ፣ ፈቃድ ማግኘት አለበት። አሻራም ይሰጣል። «ግሪን ካርድ ካለኝ ምን ችግር አለ» ብሎ መጀመር በእኛ ልጆች ዘንድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ትምህርቱ መሐል ላይ ይቆማል። ለመሞከር ያህል አንድ ጊዜ ከአሠልጣኝ ጋር ወጥቶ መመለስ ይህን ፈቃድ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የጤና ምርመራ። ሜድኤክስፕረስ በሚባለው የኢንተርኔት ቅጽ ላይ ታሪካችሁን ሞልታችሁ፣ ኤፍኤኤ የሾመው ሐኪም ዘንድ ትሄዳላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው የጤና ማረጋገጫ ነው፤ ዕድሜው ከ40 በታች ለሆነ ሰው 60 ወር ያገለግላል። ሐኪሙ ጀርባችሁን አዙራችሁ በ6 ጫማ ርቀት በተለመደ ድምፅ የሚናገረውን ትሰሙ እንደሆነ ይፈትሻል፣ ዓይንንና ቀለም መለየትንም ያያል። የድብርት ወይም የትኩረት ማነስ መድኃኒት የወሰደ፣ ወይም መድረክ ላይ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ፕሮፕራኖሎል የሚውጥ ሰው መደበቅ የለበትም። መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። ቅጹ ሐኪሙ እጅ ከገባ በኋላ መመለስ ስለሌለ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ አስቀድማችሁ ለምክር ብቻ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ ከዚያ ሙሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ማሪዋና በክልል ሕግ ቢፈቀድም አብራሪ የሚተዳደረው በፌዴራል ሕግ ነው፤ ምሽት ቤት ውስጥ የሚዞረውን እለፉት።

የተማሪ አብራሪ ካርዱ አያክራ በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓት ይጠየቃል፣ ክፍያ የለውም፣ በፖስታ እስኪደርስ ግን ሳምንታት ይወስዳል። የሚያስፈልገው ብቻችሁን ለመብረር ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁት።

2. ዓመቱን በጾምና በሰርግ ከፋፍሉት

ለሐበሻ ሙዚቀኛ ዓመቱ ከሌላው ተማሪ ይለያል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይጎርፋል፣ እስከ መስከረም ቅዳሜና እሑድ የእናንተ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሰርግ ይቆማል፣ ክለቡም ይቀዘቅዛል። እነዚያ 55 ቀናት በዓመቱ ውስጥ ለበረራ የተሻሉት ናቸው፤ እዚያ ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብትበሩ ብቻችሁን እስከ መብረር ልትደርሱ ትችላላችሁ። ችግሩ ገቢውም በዚያው ወቅት መድረቁ ነው። ስለዚህ ከበጋው ሰርግ የሚገኘውን አስቀምጡ፣ በመኸር ወረቀቱንና የጤና ምርመራውን ጨርሱ፣ በጾመ ነቢያት ለጽሑፍ ፈተናው አጥኑ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ብረሩ።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። አንደኛው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚጾሙ ሰዎች ባዶ ሆድና ውኃ ጥም ትኩረትን እንደሚቀንሱ ይወቁት፤ ከሰዓት በኋላ ከበሉ በኋላ ቀጠሮ ያዙ፣ ካልሆነም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ ቀጠሮውን ያስተካክሉ። ሁለተኛው፣ መጋቢትና ሚያዝያ ዋሽንግተን ላይ የአበባው ብናኝ አፍንጫ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ ክኒኖች ከበረራ ጋር አይሄዱም፤ ቤናድሪል የወሰደ ሰው 60 ሰዓት መጠበቅ አለበት። የማያስተኛ አማራጭ ከሐኪሙ ጠይቁ፣ መሬት ላይም አስቀድማችሁ ሞክሩት።

በሳምንት ውስጥ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት ያዙ። ከሦስቱ አንዱን ነፋስ ወይም ዝናብ ይወስደዋል፤ ሁለት በረራ ይቀራችኋል፣ እሱ ይበቃል። ጠዋት ነፋሱ ረጋ ያለ ነው። ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ዕቃ የሚያነሣ ሰው እሑድ አይበርም፤ ጠብታ መጠጥ ባይቀምስም አይበርም። ሕጉ ከመጠጥ በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ማለፍ እንዳለበትና የደም አልኮል ከ0.04 በመቶ በታች መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ ስለ እንቅልፍ ግን ቁጥር አላስቀመጠላችሁም። ቁጥሩን እናንተ አስቀምጡት፦ ሰባት ሰዓት ያልተኛ ሰው ቀጠሮውን ይሰርዝ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከ24 ሰዓት በፊት ለተነገረ ስረዛ ቅጣት አያስከፍሉም፤ የሥራ ጥሪ ማክሰኞ ማታ ቢመጣ ወዲያው ደውሉ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር እንጨምር። ቤት ውስጥ «ሁለት ሰዓት» ስንል ለአሜሪካኑ 8 ነው፤ የአየር ሁኔታ ዘገባ ደግሞ የሚጻፈው በዙሉ፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት ነው። ከዋሽንግተን ሰዓት በበጋ 4፣ በክረምት 5 ሰዓት ይቀድማል። ቀጠሮ መዝገባችሁን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ያዙ።

3. የት ትማራላችሁ?

ዋሽንግተን ዙሪያ ከሬገን አየር ማረፊያ 30 ኖቲካል ማይል (ከተለመደው ማይል ትንሽ የሚረዝም የበረራ ማይል) ድረስ ልዩ የበረራ ደንብ ያለበት ክልል አለ። ጌትስበርግ፣ ሊስበርግና ማናሳስ ውስጡ ናቸው፤ ፍሬድሪክ ከጠርዙ ወጣ ያለ ነው። ውስጥ መማር ለቤት ይቀርባል፣ ግን ለእያንዳንዱ መውጫና መግቢያ የበረራ ዕቅድ ማስገባትና አውሮፕላኑ በራዳር የሚለይበትን የራስን ኮድ መቀበል ይጠይቃል፤ ያለ ኮዱ መነሣት ምርመራ ያስከትላል። በ60 ማይል ውስጥ በዓይን እየተመራ የሚበር አብራሪ ሁሉ የኤፍኤኤን አጭር የኢንተርኔት ትምህርት መጨረስ አለበት፤ ነጻ ነው፣ ማስረጃውን አትማችሁ ያዙ። ከፍሬድሪክ የሚበር ሰው በሰሜን በኩል የካምፕ ዴቪድን የተከለከለ ክልል ይጠንቀቅ፤ ፕሬዚዳንቱ እዚያ ሲሆኑ ክልሉ ይሰፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ኤፍኤኤ የሚያወጣቸውን የበረራ ማስጠንቀቂያዎች አንብቡ።

ወጪው በአካባቢያችን በጥቅሉ ከ15 እስከ 20 ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ ለትምህርት የሚውለው ትንሹ አውሮፕላን ሴስና 172 ከነነዳጁ በሰዓት ከ160 ዶላር በላይ፣ አሠልጣኝ ከ60 በላይ። ትምህርት ቤቱ ቅናሽ አድርጎ ሙሉውን አስቀድማችሁ እንድትከፍሉ ቢጠይቅ አትስማሙ፤ ቢዘጋ ገንዘቡ ይቀራል። ከአምስት የበረራ ሰዓት ዋጋ በላይ ቀድማችሁ አትክፈሉ። በሌላ በኩል 5 ሺህ ዶላር ሳይጠራቀም አትጀምሩ፤ በየሰርጉ ሽልማት እየጠበቁ መብረር ያው መቆራረጥ ነው።

4. አውሮፕላኑ ጋ

ከመነሣት በፊት ነዳጁን በዓይናችሁ እዩት። ሴስና 172ኤስ 13 የነዳጅ መፈተሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ በጠራው ኩባያ ጥቂት ቅዱና ወደ ብርሃን አንሡት። ነዳጁ ሰማያዊ መሆን አለበት። ውኃ ካለበት ከታች እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን ደጋግማችሁ ቅዱ። ኩባያው ሙሉ በሙሉ ቀለም አልባ ከሆነ «ንጹሕ ነው» አትበሉ፣ ሁሉም ውኃ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ክንፉ ላይ ወጥታችሁ ጋኑን በመለኪያ ዱላ ለኩ፤ ጠቋሚውን ብቻ አትመኑ። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 1997 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባሕር ላይ የወደቀው እጁ ለመድረስ በሚቸገርበት ቦታ የተገጠመውን የነዳጅ መቀያየሪያ ለማዞር ሲሞክር መሆኑን ምርመራው አሳይቷል፤ ከመነሣቱ በፊት ነዳጅ አልሞላም ነበር። ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነው።

ፔዳሉን በሚመለከት ኪቦርድ ተጫዋቾች ከሌላው ይቀድማሉ። የሰስቴይን ፔዳል የምትረግጡት ተረከዝ መሬት ላይ ሆኖ ነው፤ እዚህም እንደዚያው። የፔዳሉ ታች አፍንጫውን ግራና ቀኝ ያዞራል፣ ላዩ ፍሬን ነው። እግሩን ከፍ አድርጎ የሚያርፍ ተማሪ ሳያውቀው ፍሬን ይዞ መሬት ይነካል፣ ጎማ ይላጫል። ስሱ ጫማ አድርጉ። ሲነሣ ሞተሩ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚጎትተው ቀኝ እግር ይሠራል፤ ሁለት እግሩን ለየብቻ የለመደ ከበሮ መቺ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። መሪውን ግን ሁሉም ጨብጦ ይይዛል። በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ያዙት፤ ጣት ከነጣ ጭብጡ በዝቷል።

ብዙ ሰዓት የሚበላው ማረፍ ነው። በ172ኤስ ላይ አካሄዱ ይህን ይመስላል፦

— ከመሬት በ1,000 ጫማ ከፍታ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን ብረሩ። የማረፊያው ጫፍ ጎን ስትደርሱ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር ዝቅ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል) 10 ዲግሪ፣ ፍጥነት ወደ 80 ኖት (በሰዓት 80 ኖቲካል ማይል)።
— የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍላፕ 20፣ ፍጥነት 70 ገደማ።
— መንደርደሪያው ፊት ለፊት ሲመጣ ፍላፕ 30፣ 65 ኖት።
— መሬቱ ሲቀርብ ዓይናችሁን ወደ መንደርደሪያው ሩቅ ጫፍ ወርውሩ፣ ሞተሩን ዝጉ፣ አውሮፕላኑ መውረድ ሲፈልግ መሪውን በቀስታ እየሳባችሁ ከልክሉት።

የሚበላሸው እዚች መጨረሻ ላይ ነው። ተማሪው አፍንጫው ሥር ያለውን አስፋልት ያያል፣ መሬቱ የሚሮጥ ይመስለዋል፣ ቶሎ ይስባል፣ አውሮፕላኑ ይነጥራል። ኖታ ላይ የተተከለ ዓይን የባንዱን መሪ እንደሚያጣው ነው። ሲነጥር ለማስተካከል አትታገሉ፤ ሙሉ ኃይል ስጡ፣ ፍላፑን ደረጃ በደረጃ አንሡ፣ ዞራችሁ ተመለሱ።

ቤት ውስጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ይህን ቅደም ተከተል በእጃችሁና በአፋችሁ ድገሙት፤ ፍጥነቶቹን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ከባድ ክፍል በዝግታ እየደጋገሙ የለመዱ ጣቶች ለዚህ ልምምድ አዲስ አይደሉም፣ ክፍያም የለውም።

5. ሬዲዮ፦ ተቀበል

አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ሲባል አዝማሪው የተሰጠውን ግጥም ወስዶ መልሶ ይለዋል። ታወሩም፣ ማለትም የአየር ማረፊያው የበረራ መቆጣጠሪያ፣ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፦ የነገራችሁን መልሳችሁ ትናገራላችሁ። ልዩነቱ እዚህ ማስዋብ አይፈቀድም። የመንደርደሪያ ቁጥርና «ሆልድ ሾርት» (ሳትገቡ ቁሙ) የሚለው ትእዛዝ ከአውሮፕላኑ መለያ ጋር ቃል በቃል ይመለሳል።

መጀመሪያ ስትጠሩ ቅደም ተከተሉ ማንን፣ ማን፣ የት፣ ምን ነው፦ «ፍሬድሪክ ታወር፣ ስካይሆክ ዋን ቱ ትሪ አልፋ ብራቮ፣ ቴን ማይልስ ዌስት፣ ቱ ታውዘንድ ፋይፍ ሃንድሬድ፣ ኢንባውንድ ፎር ላንዲንግ፣ ዊዝ ኢንፎርሜሽን ዴልታ።» «ስካይሆክ» የሴስና 172 መጠሪያ ነው፤ «ኢንፎርሜሽን ዴልታ» ደግሞ አስቀድማችሁ ያዳመጣችሁት የአየር ማረፊያው የተቀዳ ዘገባ መለያ ፊደል ነው። ማይኩን ከመጫን በፊት ሌላ ሰው እየተናገረ አለመሆኑን ስሙ፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲጫን ሁለቱም አይሰሙም። የአነጋገር ቅላጼ አያሳፍርም፣ ፈጥኖ መናገር ግን ያሳስታል። ካልገባችሁ «ሴይ አጌን» (ድገሙልኝ) በሉ፤ ገምቶ መታዘዝ አደገኛ ነው። የታወሮችን ንግግር ላይቭኤቲሲ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በየቀኑ ማዳመጥ ጆሮን በሳምንታት ውስጥ ያላምዳል።

6. ጆሮ ሁለት ሥራ አለው

መድረክ ላይ የሞኒተር ጩኸት፣ ጠዋት የሞተር ጩኸት፤ ሁለቱ ይደማመራሉ። መድረክ ላይ ለሙዚቀኛ የተሠራ የጆሮ መሰኪያ አድርጉ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ድምፅ የሚያጠፋ ሄድሴት ይኑራችሁ። አዲሱ ውድ ከሆነ ያገለገለ ግዙ፣ የጆሮውን ትራስ ብቻ ቀይሩ። ከሌሊት ሥራ በኋላ ጆሯችሁ እየጮኸ ከሆነ ታወሩንም በደንብ አትሰሙትም፤ ያ ቀን ይለፍ።

ጉንፋን የያዘው ሰው አይብረር፣ በተለይ ሳክስፎንና ዋሽንት የሚነፋ። ሲወጡ አየሩ ከመሐል ጆሮ በቀላሉ ይወጣል፤ ሲወርዱ የተዘጋው ቱቦ አያስገባውም፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሊቀደድም ይችላል። ደኅና ሲሆኑም በደቂቃ ከ500 ጫማ በላይ አትውረዱ፣ ዋጡ፣ አዛጉ።

7. ፈተናዎቹ

የጽሑፍ ፈተናው 60 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 70 በመቶ፣ ክፍያው 175 ዶላር፣ ውጤቱ 24 ወር ይቆያል። ብቻችሁን መብረር ከመጀመራችሁ በፊት ብትጨርሱት ይሻላል።

ከ40ዎቹ የበረራ ሰዓቶች ውስጥ ቢያንስ 20ው ከአሠልጣኝ ጋር፣ 10ሩ ብቻን ነው። ሌሊት 3 ሰዓት ከ10 ማረፍ ጋር፣ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ 3 ሰዓት አለ። ብቻን ከሚደረገው ውስጥ አንዱ ጉዞ በድምሩ ቢያንስ 150 ኖቲካል ማይል ሆኖ ሦስት ቦታ ማረፍ፣ ከጉዞው አንዱ ክፍልም በቀጥታ ከ50 ማይል በላይ መሆን አለበት። ከፍሬድሪክ ላንካስተር 65 ገደማ፣ ከላንካስተር ሄገርስታውን 70 ገደማ፣ ከዚያ ወደ ፍሬድሪክ 24 ገደማ ነው፤ ድምሩ ያልፋል። ይህ ጉዞ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በማግስቱ ሥራ ባለበት ቀን ያዙት እንጂ በዚያው ማታ ሥራ ባለበት ቀን አትያዙት፤ ለመድረስ ሲባል ደመና ሥር የሚገባው እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

ለመጨረሻው ፈተና ፈታኙን ዝግጁ ከመሆናችሁ ሁለት ወር በፊት ያዙ፣ ወረፋው ረጅም ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ800 ዶላር በላይ ነው። የቃል ጥያቄ አለ፣ ከዚያ በረራ።

8. ከክራሩ ጋር መብረር

ተማሪ ሳላችሁ ብቻችሁን ወደ ሥራ መብረር ክልክል ነው፤ ተማሪ አብራሪ ለገቢ ሥራ ሲል ማብረርም ሰው መጫንም አይችልም። ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ የራሳችሁን መሣሪያ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሥራ መብረር ትችላላችሁ። ባንዱን ጭኖ ገንዘብ መቀበል ግን አይቻልም። መካፈል የሚቻለው ነዳጅ፣ ዘይት፣ የማረፊያ ክፍያና ኪራይ ብቻ ነው፣ እናንተም ድርሻችሁን ሳትቀንሱ ትከፍላላችሁ፤ አራት ሰው ሆናችሁ 400 ዶላር ከወጣ ከእናንተ ኪስ ቢያንስ 100 ይወጣል። የባንዱ መሪ «ዕቃውንም ስላመጣህልን» ብሎ ገንዘብ ቢጨምር ያ የማጓጓዣ ክፍያ ነው፤ አትቀበሉ።

ከዚያ ሚዛኑ። የ172ኤስ ጠቅላላ ክብደት 2,550 ፓውንድ ነው። ባዶው 1,700 ገደማ ይመዝናል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየአውሮፕላኑ መዝገብ ውስጥ አለ። ሙሉ ነዳጅ 53 ጋሎን፣ አንዱ ጋሎን በ6 ፓውንድ ሲሰላ፣ 318። የሚተርፈው 532 ነው። እናንተን ጨምሮ 170 ፓውንድ የሚመዝኑ ሦስት ሙዚቀኞች 510 ናቸው፤ 22 ፓውንድ ይቀራል። ክራርና ማሲንቆ ይገባሉ፣ ኪቦርድና አምፕሊፋየር አይገቡም። ነዳጁን ወደ 30 ጋሎን ብትቀንሱ 160 ፓውንድ ይተርፋል፣ ግን የኋላው ዕቃ ቦታ የሚችለው 120 ብቻ ነው፣ የበረራው ርዝመትም ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ዕቃ ወደ ኋላ በበዛ ቁጥር አፍንጫው ወደ ላይ ይሄዳል፣ መመለሻ ይጠፋል። ነሐሴ 2001 ዘፋኟ አሊያ ባሃማስ ውስጥ ስትሞት አውሮፕላኑ ከተፈቀደው በ700 ፓውንድ ገደማ የከበደና ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነበር፤ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሣጥን ቤት ውስጥ በሚዛን መዝኑ፣ በግምት አትጻፉ። ዕቃውን በመረብ እሰሩ፤ ያልታሰረ የማይክ ማቆሚያ አየር ሲናወጥ ጭንቅላት ይመታል።

ከእያንዳንዱ የሥራ በረራ በፊት የመኪናውን መንገድ አስሉ። ሥራው ፒትስበርግ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከሆነና በመኪና አራት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሰማዩን አይታችሁ ወስኑ፤ ጥርጥር ካለ በመኪና ሂዱ። የካቲት 3 ቀን 1959 ዘፋኙን ባዲ ሆሊን የያዘው አውሮፕላን አዮዋ ውስጥ ሲወድቅ አብራሪው 21 ዓመቱ ነበር፤ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ፈቃድ ሳይኖረው በሌሊት መጥፎ አየር ውስጥ ገባ።

ከሥራው በኋላ እዚያው እደሩ። አውሮፕላኑን በሁለቱ ክንፎችና በጅራቱ በገመድ እሰሩ፣ የመሪውን መቆለፊያ አስገቡ፣ የነዳጁን ጋን ክዳን ፈትሹ። ክራሩንና ማሲንቆውን ይዛችሁ ውረዱ፤ የተዘጋ አውሮፕላን በበጋ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ በክረምት ደግሞ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።